ነሰ ካለ ወደ ታች

ባሌን ተማሪዎቹ «አቋራጭ» ነው የሚሉት። ስድብ እንዳይመስላችሁ። ስሙን ያወጡለት ወደውት ነው፤ እሱም ሲጠሩት ደረቱን ነፋ አድርጎ ነው «አቤት» የሚለው።

በእኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከዘጠነኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሒሳብ የሚያስተምረው እሱ ብቻ ነው። ብቻ ስል ብቻ ማለቴ ነው። ሌሎች ይመደባሉ፤ ይመጣሉ፤ ከአውቶቡስ ወርደው አቧራውን ያያሉ፤ «መብራት በስንት ጊዜው ነው የሚመጣው?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ከዚያ እናታቸው ትታመማለች። የእነዚህ መምህራን እናቶች ነገርማ ግርም ነው የሚለኝ። ልጅ እኛ ጋ ተመደበ ማለት እናት አልጋ ያዘች ማለት ነው። ባሌ ግን ቀረ። ጀግና ሆኖ እንዳይመስላችሁ፣ እኔን አግብቶ ነው የቀረው።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሱቄ ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት ነው፤ ቤታችንም ከሱቁ ጀርባ። የደንብ ልብሱን የምሰፋው እኔ ስለሆንኩ እዚያ ግቢ ውስጥ የሚላወስ ልጅ ሁሉ ወገቡን ለክቼዋለሁ። መስኮቴን ስከፍት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ቤቴ የገባ ያህል ይሰማኛል፤ የክፍሉ መስኮት መስታወት ከሌለው ቆይቷል።

ልጆቹ ከታች ክፍል ሲመጡ ማንበብ እንኳን በቅጡ አይችሉም። አንዷን መስመር በጣታቸው እየተከተሉ ነው የሚጨርሷት። እነሱን ምን ብዬ እወቅሳለሁ፤ ታች ያስተማራቸውም ሰው እናቱ ታማ ሄዷል። የመልቀቂያ ፈተናው ደግሞ ቁጥር ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ የፈተና ሒሳብ ወሬኛ ነው። አንድ ነጋዴ እንዲህ ያህል ከረጢት አለው፣ አንድ መኪና እንዲህ ያህል ይጭናል፣ መንገድ ላይ እንዲህ ያህል ይወድቃል እያለ ሲያወራ ይከርማል። ልጆቹ ወሬውን አንብበው ሳይጨርሱ ሰዓቱ ያልቃል።

ስለዚህ ባሌ መላ ዘየደ። «ሁሉን አታንብቡ» ይላቸዋል። «ወሬውን ለወሬኛ ተዉለት። እናንተ ቃሏን ብቻ ፈልጉ፤ አስምሩባት፤ ሂዱ።» ከዚያ ጠመኔውን በሰሌዳው ላይ ቀጭ ቀጭ ያደርግና ይጮኻል።

«ነሰ ካለ?»

«ወደ ታች!» ይላል ክፍሉ በሙሉ።

«በለጠ ካለ?»

«ወደ ላይ!»

በቃ፤ ይኸው ነው አቋራጩ። ከሃያ ያነሰ ከተባለ በቁጥር መስመሩ ላይ ቀስቷን ከሃያ ወደ ታች ያሰምራሉ፤ ከሃያ የበለጠ ከተባለ ወደ ላይ። ሌላም ሌላም ነበረው፣ ለሁሉም አቋራጭ አለው፤ ልጆቹ የሚወዱት ግን ይቺን ነው፣ ዜማ ስላላት። እኔም ማሽኔን የምረግጠው በእሷ ነበር ማለት ይቻላል። ደግሞ ይሠራ ነበር! በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት ልጆች ያልፉ ነበር። አንዱ ካለፈ ሰፈሩ ሁሉ «አቋራጭ ይባረክ» ይላል፤ እኔም ለሳምንት አንገቴን ቀና አድርጌ ውሃ እቀዳለሁ።

አንድ ልጅ ነው ያለችን። ሚጣ ነው የምንላት፤ አድጋ እናቷን በቁመት ብትበልጥም ሚጣ ናት። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ከክፍሏ አንደኛ ነች። አስተማሪው አባቷ ስለሆነ ነው የሚሉ አሉ፤ ይበሏ፣ አፍ ሥራ አይፈታም። የጤና ኮሌጅ ገብታ ነርስ መሆን ነው የምትፈልገው። ያውም ትላንት የመጣ ፍላጎት አይደለም። ትንሽ እያለች ቁራጭ ጨርቅ ስሰጣት እንደ እኩዮቿ አሻንጉሊት አትሰፋበትም፤ ፋሻ ታደርገዋለች። ድመታችን ጤነኛ እግሯ በፋሻ ተጠምጥሞ ነው ያረጀችው። ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስትፈተን እኔ በሆዴ ነጩን ጋዋን ቆርጬ፣ ሰፍቼ፣ ተኩሼ ጨርሼ ነበር።

ውጤቱ ወጣ በተባለ ቀን ርዕሰ መምህሩ ራሱ ሱቄ ድረስ መጣ። እሱን ደግሞ ከኋላው «ፐርሰንት» ነው የምንለው። ሰላምታውም በፐርሰንት ነው። «እንዴት አደሩ?» ስትሉት «ዘንድሮ የማለፍ ምጣኔያችንን በአሥር ፐርሰንት ለማሳደግ አቅደናል» ይላችኋል። ያን ቀን ግን ፐርሰንት አልነበረውም። ከንፈሩ ደርቋል።

«ባለቤትሽ የለም እንዴ?»

«ክፍል ነው። ምነው፣ ምን ሆነዋል?»

«ታግዷል» አለ። «የሒሳቡ ውጤት፣ የሁሉም። የጅምላ ኩረጃ ነው ብለዋል።»

መቀሴ ከእጄ ወደቀ። ነገሩ እንዲህ ነው። መልሱን የሚያርመው ማሽን ነው፤ ማሽኑ ደግሞ አንድ ክፍል ሙሉ በአንድ ዓይነት ጥያቄ ላይ አንድ ዓይነት ስህተት ሲሠራ ይጮኻል። ትክክሉን አንድ ላይ ቢያገኙ ማንም ምንም አይልም። ስህተቱን አንድ ላይ ከተሳሳቱ ግን አንዱ ሠርቶ ሌላው ገልብጧል ማለት ነው። ከማን ገለበጡ ሲባል ደግሞ ጣቱ የሚቀሰረው አንደኛ በምትወጣው ላይ ነው።

«ሚጣ ናት አቀባይዋ የሚሉት» አለ ፐርሰንት መሬት መሬት እያየ። «ከጸናባቸው ውጤታቸው በሙሉ ይሰረዛል። ዳግመኛም ለፈተና አይቀመጡም።»

ጆሮዬን አላመንኩም። ልጄ ሌባ ተባለች! ያቺ የተበደረችውን መርፌ እንኳን ሳትመልስ የማትተኛ ልጅ! ፐርሰንትን ምን እንዳልኩት አላስታውስም፤ ብቻ ሲወጣ ባርኔጣውን ረስቶ ነው የሄደው።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ባሌ ልጆቹን ቤታችን ሰበሰባቸው። ሱቁ አልበቃቸው ብሎ ግማሾቹ በሩ ላይ ቆሙ፣ ግማሾቹ የተቆረጠ ጨርቄ ላይ ተቀመጡብኝ። ሌላ ቀን ቢሆን በመለኪያ ሜትሬ እየገረፍኩ ነበር የማስወጣቸው። ያን ቀን ወንበሬንም ሰጠኋቸው።

«አልቆጣም» አለ ባሌ፣ ፊቱ ተቆጥቶ እያለ። «እውነቱን ንገሩኝ። ማን ነው የኮረጀ?»

አንዲቷ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ኋላ የሚቀመጠው ረጅሙ ልጅ እጁን አወጣ።

«ቲቸር፣ እኔ ለመኮረጅ አስቤ ነበር። ግን ሚጣ ወረቀቷን ሸፈነችብኝ።»

አንድ ሁለቱ ሳቁ። ባሌ አልሳቀም።

«እሺ» አለ። «ተሳሳታችሁ የተባለውን ጥያቄ የሚያስታውስ አለ?»

ሚጣ በቃሏ ታውቀው ነበር። ያቺ ልጅ ያነበበችው ነገር ከጭንቅላቷ አይወጣም። ቆማ እንደ ትንሽ ተማሪ እጇን ወደ ኋላ አድርጋ አለችው፦ «አንድ አውቶቡስ ከመናኸሪያ ለመነሳት ከሃያ ያላነሱ ተሳፋሪዎች ያስፈልጉታል። የሚያስፈልገውን የተሳፋሪ ቁጥር በትክክል የሚያሳየው የትኛው ሥዕል ነው?»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ «ነሱ» የሚለው ላይ አሰመርኩ። ነሰ ካለ ወደ ታች ነው። ቀስቷ ከሃያ ወደ ታች የምትሄደውን ሥዕል መረጥኩ።»

«እኔም» አለ ረጅሙ። «እኔም» «እኔም» አሉ ሌሎቹ። ደስ እያላቸው እኮ ነው! ትምህርቱን እንዳልረሱ ለመምህራቸው ማሳየታቸው ነው።

የባሌ ፊት እያየሁት አመድ መሰለ።

«ያላነሱ ነው ያልሽው?» አለ ቀስ ብሎ።

«አዎ።»

«ያ-ላ-ነሱ?»

ያን ጊዜ ሚጣ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ሌሎቹ ገና አልገባቸውም፤ እኔም አልገባኝም። በኋላ ነው ሚጣ የነገረችኝ። ያነሰና ያላነሰ ሰማይና ምድር ናቸው። ከሃያ ያላነሰ ማለት ሃያ ወይም ከዚያ በላይ ነው፤ ቀስቷ ወደ ላይ መሄድ ነበረባት። ያልበለጠ ደግሞ ወደ ታች። የዘንድሮው ፈተና አውጪ ምን ታይቶት እንደሆነ እንጃ፣ የጥያቄውን ግማሽ ያህል ያላነሰ፣ ያልበለጠ፣ ያላነሰ፣ ያልበለጠ እያለ ነው የደረደረው። በፊት በፊት ቀጥ አድርገው ያነሰ የበለጠ ነበር የሚሉት። ልጆቹም እንደተማሩት ወሬውን ዘለው፣ «ነሰ» ላይ አስምረው፣ ወደ ታች ሄዱ። «በለጠ» ላይ አስምረው ወደ ላይ። ሁሉም፣ ከአንደኛዋ እስከ መጨረሻው። አንዲት «ላ» ገደል ከተተቻቸው።

ልቤን የሰበረው ግን ይሄ አይደለም። ልጆቹ ከሄዱ በኋላ ሚጣ አባቷ አጠገብ ተቀመጠች።

«አባዬ፣ ቃሉን እኮ አውቀዋለሁ» አለችው። «እማዬ ከሁለት ያላነሰ ባልዲ ውሃ ቅጂ ብትለኝ አንድ ይዤ አልመጣም። ሁላችንም እናውቀዋለን። ግን ሒሳብ ሲሆን… አታንብቡ ስላልክ… ሒሳብ ሌላ ነገር መስሎኝ ነው።»

ራሷን ዳበሳት። ከዚያ ወደ ጓሮ ወጥቶ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ሻይ ወሰድኩለት፤ ሳይነካው ቀዘቀዘ።

«አውቀው ነው የገቡት» አለኝ። «የሚያውቁትን እኔ ነኝ ያስረሳኋቸው።»

ባጽናናው ደስ ባለኝ። አልቻልኩም፤ ተናድጄበት ነበር። አዘንኩለትም። ሁለቱም በአንድ ሆድ ውስጥ ይገባሉ ለካ።

ሄዶ ለትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ሊናገር ወሰነ። ልጆቹ አልኮረጁም፣ እኔ ነኝ ያሳሳትኳቸው ሊል። ፐርሰንት ይህን ሲሰማ እየሮጠ መጣ፤ ባርኔጣውን ፍለጋ መስሎኝ ነበር።

«መምህር፣ አብደሃል እንዴ?» አለው። «ኩረጃ የተማሪ ነውር ነው። ይቺ የምታወራት ግን የትምህርት ቤቱ ነውር ናት! ማሽኑ ተሳስቷል ብለን እንከራከር። እኔ ለበላይ አካል የማቀርበው ሪፖርት አለ…»

«ዳይሬክተር» አልኩት ከማሽኔ ሳልነሳ፣ «ልጄን ሌባ ብለዋት እርስዎ ስለ ሪፖርት ያወራሉ? ይልቅ ባርኔጣዎን ይውሰዱና ከዚህ ይሂዱልኝ። ጨርቅ መስሎኝ ቆርጬ ልብስ ሳልሰፋበት።»

ወሰደና ሄደ።

ጽሕፈት ቤቱ ጉዳያችንን ሊሰማ የቀጠረን ቀን ደረሰና በማለዳ አውቶቡስ ተሳፈርን። ባሌ፣ ሚጣ፣ ልጆቹ፣ የጥቂቶቹ ወላጆች፣ እኔ። ሾፌሩ ሞተሩን አስነስቶ አይሄድም። ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ይጮኻል፦ «ከሃያ ያላነሰ ሰው ካልሞላ አንነሳም! ና ግባ! ከሃያ ያላነሰ!»

ልጆቹ እርስ በርሳቸው አልተያዩም። ሚጣ ግንባሯን መስኮቱ ላይ አስደግፋ ዓይኗን ጨፈነች። ረዳቱ ምን እንዳጠፋ ሳያውቅ ዞሮ አየንና «ምነው፣ ለቅሶ ነው እንዴ የምትሄዱት?» አለ።

ጽሕፈት ቤቱ በፋይል የተሞላ አንድ ትልቅ ክፍል ነው። ሰብሳቢው ጉንፋን ይዞት መሐረቡን ከአፍንጫው አያነሳም። አጠገቡ የፈተና ባለሙያዋ ተቀምጣለች፤ ወጣት ናት፣ ትሁት። ፐርሰንትም ቀድሞን ደርሶ ጥግ ላይ ተሰይሟል። ግድግዳው ላይ ሰሌዳ አለ። እኛን ወላጆችን ከኋላ አግዳሚ ላይ አስቀመጡን፤ ልጆቹ ኮሪደር ላይ እንዲጠብቁ ተደረገ።

ባሌ ቆመ። ሁሉንም ተናገረ። ወሬውን ዝለሉ እንዳለ፣ ነሰ ካለ ወደ ታች እንዳለ፣ ዜማውንም ሳይቀር። ያን በመስኮት ስሰማው የኖርኩትን ነገር እዚያ ሰው ፊት በለሆሳስ ሲለው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ።

ሰብሳቢው አስነጠሰ። «መምህር፣ ልጆችዎን ለማዳን ብለው እንዳይሆን። እንዲህ ያለ ነገር ማንም ሊፈጥር ይችላል።»

«ቀላል ነው» አለች ባለሙያዋ። «አዲስ ጥያቄ እንስጣቸው። አንድ በአንድ እየገቡ ይሥሩልን። እንደሚሉት ከተማሩ፣ ማንም ሳያያቸው ያንኑ ስህተት ይሠራሉ። መጀመሪያ አንደኛ የምትወጣው ትግባ።»

በዚያች ደቂቃ ነው ነገሩ የገባኝ። ሚጣ አሁን ታውቃለች! ከዚያች ቀን ጀምሮ ያላነሰ ያልበለጠ ስትሠራ ነው የሰነበተችው። በትክክል ከሠራች አባቷ ውሸታም፣ እሷ ሌባ፣ ጓደኞቿ ሌቦች ሊባሉ ነው። ንጹሕ መሆኗ የሚታወቀው ካላወቀች ብቻ ነው። ባሌን አየሁት። እሱም ገብቶታል።

ሚጣ ገባች። ባለሙያዋ ሰሌዳው ላይ ጻፈች፦ «አንድ ሐኪም ቤት ሥራ ለመጀመር ከአሥር ያላነሱ ነርሶች ያስፈልጉታል።»

ነርሶች! ከዓለም ሙያ ሁሉ እሷን መረጠች። ባለሙያዋ ምን ታውቃለች፤ እንዲያው የመጣላትን ነው የጻፈችው።

«የሚያስፈልገውን ቁጥር አሳዪን» አለቻት።

ሚጣ ጠመኔውን ያዘች። መስመሩን አሰመረች፤ አሥርን ጻፈች። ከዚያ እጇ አየር ላይ ቀረ። ዞር ብላ አባቷን አየችው። እሱ አንገቱን ደፋ። እኔ በሆዴ በይው፣ ልጄ፣ በይው አልኩ። ምን እንድትል እንደፈለግኩ ግን እስከ ዛሬ አላውቅም።

«ነሱ» የሚለው ላይ አሰመረችበት። ቀስቷን ከአሥር ወደ ታች ሳበቻት።

«ለምን ወደ ታች?» አለች ባለሙያዋ።

«ነሰ ካለ ወደ ታች ነው የተባልነው» አለች ልጄ። ድምጿ የሌላ ሰው ነበር።

ሰብሳቢው በመሐረቡ ውስጥ ሳቀ። ሳል ለማስመሰል ሞከረ፤ ሳቅ ነበር። ልጄ ጠመኔውን አስቀምጣ፣ ጣቷን በቀሚሷ ጠርጋ ወጣች። በዕድሜዋ ያጭበረበረችው ፈተና ያ ብቻ ነው።

ሌሎቹም አንድ በአንድ ገቡ። ያም ያሰምራል፣ ወደ ታች። ያቺም ታሰምራለች፣ ወደ ታች። ሚጣ አስጠንታቸው ይሁን ገና ሳይገባቸው ቀርቶ፣ አልጠየቅኳትም። ረጅሙ ልጅ ሲገባማ ሰብሳቢው ራሱ «ነሰ ካለ?» አለው፤ «ወደ ታች!» ብሎ ጮኸ፣ ክፍል ያለ መስሎት። ፐርሰንት ጥግ ላይ ላቡን ይጠርጋል።

ተነጋገሩና ሰብሳቢው ተነሳ። «ኩረጃ የለም» አለ። «ልጆቹ ነጻ ናቸው። እገዳው ተነስቷል።»

ወይ ጉድ! ያኔ የሆነውን ብታዩ! አንዷ እናት እኔን አቅፋ አለቀሰች፤ አንዱ አባት ከማያውቀው ጸሐፊ ጋር ተጨባበጠ። ልጆቹ ከኮሪደሩ ግር ብለው ገቡ። የረጅሙ እናት ባሌን እጁን ስማ «መምህር፣ ልጄን ከውርደት አወጣኸው» አለችው። እኔም፣ አልዋሽም፣ ለትንሽ ጊዜ ያን ነጭ ጋዋን እንደገና አየሁት።

«እንግዲህ እገዳው ስለተነሳ» አለች ባለሙያዋ ወረቀት እያነሳች፣ «ውጤቱን እዚሁ ብነግራችሁ አይሻልም? ከምትመላለሱ።» ደግ ሰው ናት፣ ለእኛ አስባ ነው። «የማለፊያው ነጥብ ሃምሳ ነው። ከሃምሳ ያላነሰ ያመጣ…»

ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አየችው። ገለበጠችው። እንደገና ከላይ ጀመረች።

«ከሃምሳ ያላነሰ ያመጣ… የለም» አለች።

የረጅሙ እናት ገና የባሌን እጅ እንደያዘች ነው።

«እንዴት የለም?» አልኩ እኔ። «አልኮረጁም ብላችሁ የለ?»

«አልኮረጁም፣ እናቴ። መልሱ ግን ስህተት ነው። ስህተቱ ስህተት መሆኑ አይቀየርም።»

«እኔ ስንት አመጣሁ?» አለች ሚጣ።

«አርባ ስምንት።»

ያላነሰና ያልበለጠ ካለባቸው በቀር ሌላውን ሁሉ በትክክል ሠርታዋለች ማለት ነው። ሌላውን ሁሉ!

ባሌ ወደ ጠረጴዛው ሄደ። እንደዚያ ሲለምን አይቼው አላውቅም፣ እኔን ሲጠይቀኝም እንደዚያ አልለመነም። «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እናንተው መሰከራችሁ» አለ። «ለእነሱ ነጥቡን መልሱላቸው፤ እኔን አባሩኝ። ዛሬውኑ አባሩኝ።»

ሰብሳቢው ወደ ፐርሰንት ዞረ። «ሌላ የሒሳብ መምህር አላችሁ?»

ፐርሰንት ራሱን ነቀነቀ። «የመጨረሻው… እናቱ ታማ ሄዷል።»

«ይኸውልዎት» አለ ሰብሳቢው ለባሌ። ክፋት አልነበረውም፤ ደክሞት ነበር። «ማን ይግባ ይላሉ? ነጥብ የምሰጠው እኔ አይደለሁም፣ እርስዎን የምተካበትም ሰው የለኝም። ልጆቹ የሚቀጥለው ዓመት በድጋሚ ይፈተኑ፣ መብታቸው ነው። እርስዎ ሰኞ ክፍል ይግቡ።»

ስንመለስ አውቶቡሱ ሞልቶ ስለነበር ረዳቱ ምንም አልጮኸም።

ሰኞ ባሌ ገባ። መስኮቴን መክፈት አልፈለግኩም ነበር፤ ሙቀቱ አስከፈተኝ። «ከዛሬ ጀምሮ አቋራጭ የለም» ሲላቸው ሰማሁ። «እያንዳንዷን ፊደል ታነባላችሁ።» አንዱን ልጅ አስነሳ። ልጁ ማንበብ ጀመረ። «አ…ንድ ነ…ነጋ…ዴ…» ዝም ይላል። ይመለሳል። «አንድ… ነጋዴ… ከ…ከሠ…» እኔ አንድ ሙሉ ጃኬት እጅጌውን ገጥሜ ኮሌታውን ጀመርኩ፤ ልጁ ገና ነጋዴው ጋ ነው። ባሌ አላቋረጠውም፣ ታገሠው። ደወሉ ሲደወል የመጀመሪያው ጥያቄ አላለቀም። እንዲህ ሆነው ፈተናውን በምን ሰዓታቸው ሊጨርሱት ነው? እሱም ያውቀዋል። በበሩ ሲወጣ ጫማውን እያየ ነበር የሚሄደው፤ ልጆቹም «አቋራጭ» ብለው አልጠሩትም።

ሚጣ ሁለተኛዋ ማሽን ላይ ተቀምጣለች። ማንም ተቀመጪ አላላትም። ከመጣን ጀምሮ ጠዋት ትነሳለች፣ ክር ታስገባለች፣ የዘጠነኛ ክፍሎቹን የደንብ ልብስ ትገጣጥማለች። ስፌቷ ቀጥ ያለ ነው፤ ከእኔ ይሻላል። ባየሁት ቁጥር ያንገበግበኛል።

ባሌ መጽሐፉን ይዞ ገባና አጠገቧ ባለችው በርጩማ ላይ ተቀመጠ።

«ሚጣዬ» አላት፣ «ቀና በይ እንጂ። አርባ ስምንት እኮ ምንም አልቀረሽ። ትደግሚያለሽ። ፈቅደውልሻል፤ ከእንግዲህ የሚከለክልሽ የለም። ከዛሬ ብትጀምሪ…»

ማሽኑን አቆመች። ቀና ብላ አየችው። ዓይኗ ውስጥ ቁጣ ፈለግኩ፤ ቢኖር ደስ ባለኝ። አልነበረም። እንደ ድሮው ነበር ያየችው፣ ማታ ማታ የቤት ሥራ ሲያከብዳት እንደምታየው።

«ማን ያስተምረኛል፣ አባዬ?» አለችው።

ልታቆስለው አልነበረም። የምሯን ነው የጠየቀችው፤ መልስ ካለው ልትሰማ።

ባሌ እኔን አየኝ። እኔ በአፌ የያዝኩትን ስፒል አውጥቼ ኮሌታው ላይ ሰካሁ። ማዶ ደወሉ ተደወለ። የከሰዓቱ ክፍል ይጠብቀዋል፣ ከእሱ ሌላ የሚገባ የለም። መጽሐፉን ከጉልበቱ ላይ አነሳና ተሻግሮ ሄደ።